ሆርሞንና ፅንስ፦ የትኛው መድኃኒት? በስንተኛው ሳምንት?

«እርጉዝ ሆና ሆርሞን የወሰደች እናት ልጇ ካንሰር ይይዘዋል።» በቴሌግራምና በቲክቶክ መንደር እንዲህ ዓይነት ወሬ በየጊዜው ብቅ ይላል። አንዱ የሦስት ወር መርፌውን ይወነጅላል። ሌላው ፅንስ እንዳይጨነግፍ የሚሰጠውን መድኃኒት። ሌላው ፖስት ፒልን። ሁሉም «ሆርሞን» ስለሚባሉ ብቻ በአንድ ማዳበሪያ ታጭቀዋል።

ወሬው ከባዶ አልተነሳም። ከጀርባው እውነተኛ ታሪክ አለ፤ ያውም ከባድ ታሪክ። ችግሩ የአንዱ መድኃኒት ታሪክ የሌሎቹ ሁሉ ታሪክ ተደርጎ መወራቱ ነው። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ፈታ አድርጎ ማየት ይሻላል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ ስም፣ ብዙ ነገር

ሆርሞን ማለት መልእክተኛ ነው። ሰውነት ከአንድ ዕጢ ያመነጨዋል፤ በደም ተጉዞ ሌላ ቦታ ሥራ ያሠራል። የስኳር ሕመምተኞች የሚወጉት ኢንሱሊን ሆርሞን ነው። የታይሮይድ ኪኒንም ሆርሞን ነው። ምጥ ለማፋጠን በግሉኮስ የሚሰጠው ኦክሲቶሲንም እንዲሁ። ስለዚህ «ሆርሞን ወስጃለሁ» ማለት «መኪና ገዝቻለሁ» እንደማለት ነው። ባጃጅ ይሁን ሲኖትራክ ገና አልታወቀም።

ካንሰርን በተመለከተ ጥያቄ የሚነሳው በዋናነት በጾታ ሆርሞኖች ላይ ነው። ኤስትሮጅን የሴትን የመራቢያ አካላት የሚያሳድግና የሚቆጣጠር ሆርሞን ነው። ፕሮጄስቴሮን ደግሞ ማህፀን ፅንስን እንዲቀበልና እንዲይዝ ያደርጋል።

«ሰው ሠራሽ» የሚለው ቃልም ያሳስታል። በፋብሪካ ተሠርተው ከሰውነታችን ሆርሞን ጋር ቁርጥ አንድ የሆኑ አሉ። ጥቂት ተቀይረው ረጅም ጊዜ እንዲቆዩ የተደረጉ አሉ። ሦስተኞቹ በአሠራራቸው ጭራሽ የማይመሳሰሉ፣ ግን ሰውነትን አታልለው የሆርሞኑን ሥራ የሚሠሩ ናቸው። የሚከተለው ታሪክ የእነዚህ የሦስተኞቹ ነው።

ከለንደን እስከ ቦስተን

ዳይኤቲልስቲልቤስትሮል ይባላል። በአጭሩ ዲ.ኢ.ኤስ.። እንግሊዛዊው ኬሚስት ቻርልስ ዶድስ እና ባልደረቦቹ በ1938 ሠሩት። በአፍ የሚወሰድ፣ ርካሽና ኃይለኛ ኤስትሮጅን ነበር። የባለቤትነት መብት አልወጣበትም። ስለዚህ የፈለገ ፋብሪካ ሁሉ አመረተው።

በ1947 የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ለነፍሰ ጡሮች እንዲሰጥ ፈቀደ። ሐሳቡ ላይ ላዩን ሲታይ ያሳምናል። ፅንስ የሚጨነግፈው ሆርሞን ሲያንስ ነው ተብሎ ታመነ። እንግዲያው የጎደለውን መሙላት ነው፤ አለቀ።

በ1953 የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ነገሩን በወጉ ፈተሹት። ወደ 1,600 የሚጠጉ ነፍሰ ጡሮች በሁለት ተከፈሉ። ለገሚሶቹ መድኃኒቱ፣ ለገሚሶቹ ምንም የሌለበት ማስመሰያ ኪኒን ተሰጠ። መድኃኒቱ ፅንስ ከመጨንገፍ አላዳነም። ወሬው እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት። ግን መድኃኒቱ ለተጨማሪ 18 ዓመታት መታዘዙን ቀጠለ።

ከዚያ በ1960ዎቹ መጨረሻ ቦስተን ውስጥ እንግዳ ነገር ታየ። ክሊር ሴል አዴኖካርሲኖማ የሚባል የሴት ብልት ካንሰር በወጣት ልጃገረዶች ላይ መታየት ጀመረ። ይህ ካንሰር በዚህ ዕድሜ የለም ሊባል የሚችል ነበር። ሐኪሞቹ ግራ ተጋቡ። ፍንጩ የመጣው ከአንዲት ታማሚ እናት ነው። እርጉዝ ሳለች የወሰደችው መድኃኒት ይህን አምጥቶ ይሆን ብላ ጠየቀች።

ዶክተር አርተር ኸርብስት እና ሁለት ባልደረቦቹ በ1971 ውጤታቸውን አሳተሙ። ስምንት ታማሚዎች ነበሩ። የሰባቱ እናቶች በእርግዝናቸው ዲ.ኢ.ኤስ. ወስደዋል። ለንጽጽር የተመረጡት 32 ጤነኛ ልጆች እናቶች ግን አንዳቸውም አልወሰዱም። ስምንት ታማሚ ብቻ ይዞ እንዲህ የጠራ መልስ የሰጠ ጥናት በሕክምና ታሪክ ጥቂት ነው። በዚያው ዓመት ኅዳር የአሜሪካው ተቆጣጣሪ ለነፍሰ ጡር አይሰጥ አለ። በአንዳንድ የአውሮፓ አገሮች ግን ከዚያም በኋላ ለዓመታት ሲታዘዝ ቆይቷል።

አሜሪካ ውስጥ ብቻ ከ5 እስከ 10 ሚሊዮን ሰዎች ለመድኃኒቱ እንደተጋለጡ ይገመታል። እናቶችም፣ በማህፀን የነበሩ ልጆችም ተቆጥረው ማለት ነው። ከተጋለጡት ሴት ልጆች በዚህ ልዩ ካንሰር የተያዙት ከ1,000 አንድ ገደማ ናቸው። ቁጥሩ በሁለት መልኩ ይነበባል። ካልተጋለጡት ጋር ሲነጻጸር አደጋው ወደ 40 እጥፍ ነው። ከ1,000 ተጋላጮች 999ኙ ደግሞ በዚህ ካንሰር አልተያዙም። ሁለቱም እውነት ነው። ለወሬ የሚመቸው ግን የመጀመሪያው ብቻ ነው።

ጉዳዩ በወጣትነት አላበቃም። ልጆቹ ሲያድጉ ሌላ ነገር መጣ። በ2011 የወጣ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ዕድሜያቸው ከ40 ካለፈ በኋላ የጡት ካንሰር ዕድላቸው ወደ 1.8 እጥፍ መሆኑን አሳየ። እስከ 55 ዓመት ዕድሜ ድረስ ሲሰላ ከተጋለጡት 3.9 በመቶ፣ ካልተጋለጡት 2.2 በመቶ ይያዛሉ። የማህፀን በር ቅድመ ካንሰርም ከፍ ብሎ ተገኝቷል።

ብዙ የማይወራለት ሌላ ቁጥርም አለ። ከተጋለጡት ሴቶች 33 በመቶው መውለድ ተቸግረዋል፤ ካልተጋለጡት 15.5 በመቶው። ያለጊዜው መውለድም በእነሱ ዘንድ በብዙ እጥፍ በዝቷል። ጋዜጣ ላይ የወጣው ካንሰሩ ነው፤ ብዙ ቤት የገባው ግን ይኸኛው ነበር። በወንዶቹ ላይ የዘር ፍሬ አለመውረድና በዙሪያው የሚፈጠር ውሃ የቋጠረ እባጭ በዝቶ ታይቷል። የወንዶቹ የካንሰር ጉዳይ እንደ ሴቶቹ የጠራ አይደለም።

እንዴት ነው ከ20 ዓመት በኋላ የሚመጣው?

ብዙ ሰው የሚጠይቀው ይህንን ነው። መድኃኒቱ ከልጁ ሰውነት ከወጣ ስንት ዘመን! ካንሰሩ አሁን ከየት መጣ?

መልሱ ያለው በሳምንቶቹ ላይ ነው። የፅንስ የመራቢያ አካላት የሚቀረጹት በእርግዝና መጀመሪያ ወራት ነው። በዚያ ጊዜ የሴት ብልትን የሚሸፍነው ሕዋስ በሌላ ዓይነት ሕዋስ ይተካል። ዲ.ኢ.ኤስ. ይህን ምትክ ያሰናክላል። መቀየር የነበረበት ዕጢ መሰል ሕዋስ ባለበት ይቀራል። ይህም አዴኖሲስ ይባላል። ልጅቷ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስና የራሷ ኤስትሮጅን መፍሰስ ሲጀምር፣ ያ ቦታውን የሳተ ሕዋስ አልፎ አልፎ ወደ ካንሰር ሊሄድ ይችላል። ካንሰሩ የተገኘባቸው እናቶቻቸው መድኃኒቱን ከ18ኛው ሳምንት በፊት የጀመሩ መሆናቸውም ለዚህ ነው።

ሁለተኛው መንገድ ኤፒጄኔቲክስ ይባላል። ከወላጅ የተወረሰው የዘር ጽሑፍ ራሱ አይለወጥም። የሚለወጠው የትኛው ገጽ ተገልጦ ይነበብ፣ የትኛው ታጥፎ ይቀመጥ የሚለው ምልክት ነው። በማህፀን ሳለ ያለቦታው የተደረገ ምልክት ዕድሜ ልክ ሊቆይ ይችላል።

እናት ራሷስ ኤስትሮጅን ታመነጭ የለ? ታመነጫለች፤ በእርግዝና ጊዜ በብዛት። ግን ሰውነት የራሱን ኤስትሮጅን ይዘው የሚያግቱ ፕሮቲኖች አሉት። ዲ.ኢ.ኤስ. በእነዚህ ፕሮቲኖች እምብዛም አይያዝም። ዘበኛው ሳያየው ገባ ማለት ይቻላል።

ፅንስ እንዳይጨነግፍ የሚሰጠው መርፌ

የአሁኑ ክርክር በሌላ መድኃኒት ላይ ነው። ሃይድሮክሲፕሮጄስቴሮን ካፕሮኤት ይባላል። የተቀየረ ፕሮጄስቴሮን ነው፤ በመርፌ ይሰጣል። አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በ1956 ነው። በመጀመሪያ ፅንስ እንዳይጨነግፍ፣ በኋላ ደግሞ ልጅ ያለጊዜው እንዳይወለድ ተብሎ ይታዘዝ ነበር።

በ2021 አንድ ጥናት ወጣ። መሠረቱ በካሊፎርኒያዋ ኦክላንድ ከ1959 እስከ 1966 የእርግዝና ክትትል ያደረጉ ሴቶች መዝገብ ነው። ከተወለዱት ከ18,000 በላይ ልጆች መካከል በማህፀን ሳሉ መርፌው የደረሳቸው 234 ነበሩ። በእነዚህ ልጆች ላይ ካንሰር ወደ ሁለት እጥፍ በዝቶ ተገኘ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የተሰጣቸው ላይ ደግሞ 2.6 እጥፍ ገደማ። የአንጀት ካንሰርና የፕሮስቴት ካንሰር ጎልተው ታዩ። ብዙዎቹ የተያዙት 50 ዓመት ሳይሞላቸው ነው።

ይህ ጥናት ሁለት ዓይነት አንባቢ አለው።

አንደኛው ወገን «ይኸው ዲ.ኢ.ኤስ. ተደገመ» ይላል። መከራከሪያው ቀላል አይደለም። መዝገቡ የተጻፈው በጊዜው ነው፤ እናቶቹ ከ50 ዓመት በኋላ አስታውሰው የነገሩት አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ወራት አደጋ ከፍ ማለቱም ከፅንስ አፈጣጠር ጋር ይገጥማል።

ሌላው ወገን «ቆይ» ይላል። 234 ሰው ጥቂት ነው። በልጅነት የአንጎል ካንሰር ላይ የወጣው ቁጥር ከ30 እጥፍ በላይ ነው፤ ግን በጣት በሚቆጠሩ ልጆች ላይ የተመሠረተ ነው። አንድ ልጅ ሲጨመር ወይም ሲቀነስ ቁጥሩ ይወዛወዛል። ሌላም አለ። መርፌው የተሰጠው እርግዝናቸው ችግር ለገጠማቸው ሴቶች ነው። ለካንሰሩ ሰበቡ መርፌው ይሁን፣ ወይስ መርፌውን ያሳዘዘው ችግር? ሁለቱን መለየት ይከብዳል።

በእኔ ግምት ሁለተኛው ወገን ስለ ስሌቱ ትክክል ነው። ውሳኔው ላይ ግን ይህ ብዙ ለውጥ አያመጣም። ምክንያቱም ሌላ ነገር ተረጋግጧል፤ መርፌው ይጠቅማል የተባለበት ቦታ አልጠቀመም። ወደ 1,700 ነፍሰ ጡሮች የተሳተፉበት ሙከራ ያለጊዜው መውለድን እንዳልቀነሰ አሳየ። አሜሪካ በሚያዝያ 2023 ፈቃዱን አነሳች። የአውሮፓ የመድኃኒት ኤጀንሲ የደኅንነት ኮሚቴ ደግሞ በግንቦት 2024 ከገበያ እንዲታገድ ሐሳብ አቀረበ። ኮሚቴው የካንሰሩ አደጋ «ሊኖር ይችላል፤ ግን አልተረጋገጠም» የሚል ይዘት ያለው ድምዳሜ ነው ያስቀመጠው። ጥቅሙ ዜሮ ከሆነ ግን ያልተረጋገጠ ጥርጣሬም ሚዛኑን ይደፋዋል። የ1953ቱ የቺካጎ ሙከራ በጊዜው ሰሚ ቢያገኝ ኖሮ ዲ.ኢ.ኤስ.ም በዚሁ ሚዛን ይወድቅ ነበር። ማንም ስለ ካንሰር ሳያውቅ።

የሦስት ወር መርፌ፣ ኪኒንና ፖስት ፒል

እዚህ አገር ወሬው የሚከብደው እዚህ ላይ ነው። በ2019 በተደረገው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ባለትዳር ከሆኑ ኢትዮጵያውያን ሴቶች 41 በመቶው ዘመናዊ የወሊድ መከላከያ ይጠቀሙ ነበር። ከሁሉም ባለትዳር ሴቶች የ27 በመቶው ምርጫ መርፌ ነበር። ይህ መርፌ ሜድሮክሲፕሮጄስቴሮን የሚባል ሰው ሠራሽ ፕሮጄስቴሮን ነው። ስሙ ከላይ ካለው ጋር ስለሚመሳሰል መደናገሩ አይገርምም። መድኃኒቱ ግን ሌላ ነው፤ የሚሰጠውም እርግዝና ለመከላከል እንጂ ለእርጉዝ አይደለም።

ሴትየዋ ማርገዟን ሳታውቅ ብትወጋስ? ኪኒን እየወሰደች ብታረግዝስ? ይህን በስፋት ያየው በ2018 የታተመ የዴንማርክ ጥናት ነው። ወደ 1.2 ሚሊዮን ልጆችን ተከታትሏል። ከእነሱ 606ቱ በደም ካንሰር ተይዘዋል። እናታቸው በእርግዝና ወይም ከእርግዝና በፊት ባሉት ሦስት ወራት ሆርሞን የተጠቀመች ልጆች ላይ ዕድሉ በግማሽ ያህል ከፍ ብሏል።

«በግማሽ» ሲባል ያስደነግጣል። የልጆች የደም ካንሰር ግን በራሱ ብርቅ ነው። አጥኚዎቹ ራሳቸው ሲያሰሉት ከተጋለጡ 50,000 ልጆች አንድ ተጨማሪ ታማሚ ነው የሚገኘው። ይህም ቢሆን አብሮ መታየት ነው፤ አንዱ ሌላውን ማምጣቱ ገና አልተረጋገጠም። በዴንማርክ በብዛት የሚወሰደው ደግሞ ኪኒን ነው፤ እዚህ መርፌ። ውጤቱን እንዳለ ገልብጦ ለአዲስ አበባ መስጠት አይቻልም።

በ2024 የወጣው ሌላ ዜና ነገሩን ይበልጥ አወሳሰበው። የፈረንሳይ ተመራማሪዎች የሦስት ወር መርፌን ከአንድ ዓመት በላይ የተጠቀሙ ሴቶች ሜኒንጂዮማ የሚባል የአንጎል ሽፋን ዕጢ ዕድላቸው 5.6 እጥፍ መሆኑን አሳዩ። ሜኒንጂዮማ በአብዛኛው ካንሰር አይደለም፤ ብርቅም ነው። ዋናው ነገር ግን ጥናቱ ስለ ተጠቃሚዋ ሴት መሆኑ ነው። ስለ ልጇ አይደለም። በወሬ መንደር ይህ ልዩነት ወዲያው ይጠፋል።

ፖስት ፒል ሌቮኖርጀስትሬል የሚባል ሰው ሠራሽ ፕሮጄስቴሮን ነው። ፅንሱ ቀድሞ ከተቀመጠ አያወርደውም፤ እንደሚጎዳው የሚያሳይ ማስረጃም የለም።

(ስለ ወሬ ከተነሳ፦ «የፈረንጅ ዶሮ ሆርሞን ይወጋል» የሚለውም ከዚሁ ቤት ነው። ዲ.ኢ.ኤስ. በአንድ ወቅት አሜሪካ ውስጥ ለዶሮ ይሰጥ ነበር፤ በ1959 ተከለከለ። የዛሬዋ ዶሮ ቶሎ የምታድገው በተመረጠ ዘርና በመኖ ነው።)

ፍርሃት ሲበዛ

ሁሉንም ሆርሞን መፍራት የራሱ ዋጋ አለው። ምጥ ያለጊዜው ለመጣባት እናት ሐኪሞች ዴክሳሜታዞን ይወጓታል። ይህም ሰው ሠራሽ ሆርሞን ነው፤ የጾታ ሆርሞን ግን አይደለም። የልጁን ሳንባ ያበስላል። ኬንያና ናይጄሪያን ጨምሮ በአምስት አገሮች የተደረገና በ2020 የታተመ ሙከራ፣ በ28 ቀን ውስጥ የሚሞቱ ጨቅላዎችን ከ23.5 ወደ 19.6 በመቶ ማውረዱን አሳይቷል። «ሆርሞን ነው» ብሎ እሱን እንቢ ማለት ልጅን ማጣት ሊሆን ይችላል። የታይሮይድ ኪኒን የምትወስድ እርጉዝም በራሷ ብታቆም የሚጎዳው የልጁ አእምሮ ነው። ኢንሱሊን ደግሞ የእንግዴ ልጁን አልፎ ወደ ፅንሱ እምብዛም አይገባም።

ፕሮጄስቴሮንስ? በእንግሊዝ ከ4,000 በላይ ሴቶች የተሳተፉበትና በ2019 የወጣ ሙከራ አለ። በእርግዝና መጀመሪያ ደም ለታያቸው ሴቶች የተሰጠው በብልት የሚቀመጥ ፕሮጄስቴሮን ነው፤ ከሰውነታችን ጋር ቁርጥ አንድ የሆነው። በሕይወት የወለዱት ከወሰዱት 75 በመቶ፣ ካልወሰዱት 72 በመቶ ሆኑ። ልዩነቱ በአጠቃላይ ሲታይ አስተማማኝ አልነበረም። ቀድሞ ፅንስ ለጨነገፈባቸውና አሁን ደም ለታያቸው ግን ጥቅሙ ታየ። እንግሊዝ አሁን የምትመክረው ለእነዚህ ብቻ ነው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ከሚጨነግፉት ፅንሶች ግማሽ ያህሉ ከመነሻው የክሮሞሶም ችግር ያለባቸው ናቸው፤ ለእነሱ ምንም ሆርሞን አይደርስላቸውም። «ለማንኛውም ውሰጂው» የሚባል መድኃኒት እንግዲህ ሁለት ጥያቄ ይገባዋል። ስሙ ማን ነው? ለእኔ ዓይነቷ ሴት ጠቅሟል?

ከጥቁር አንበሳ መዝገብ እስከ እናት ካርድ

አዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ አላት። ከ2011 ጀምሮ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ይያዛል። በከተማዋ ማን በየትኛው ካንሰር እንደተያዘ ይመዘግባል። የታማሚው እናት እርጉዝ ሳለች ምን እንደወሰደች ግን ከእንዲህ ዓይነት መዝገብ አይገኝም። የካሊፎርኒያውን ጥናት ያስቻለው ያ ነበር፤ የ1959 የእናቶች ካርድ ከልጆቹ የካንሰር መዝገብ ጋር መገናኘት መቻሉ።

እዚህ የአንዲት እርግዝና ወረቀት ሦስት ቦታ ይበተናል። ክትትሉ ጤና ጣቢያ ነው። አልትራሳውንዱ የግል ክሊኒክ። መውለጃው ጋንዲ ወይም ሌላ ሆስፒታል። የመድኃኒት ማዘዣው ፋርማሲ ይቀራል፤ ካርቶኑ ቆሻሻ ውስጥ ይጣላል። ከ20 ዓመት በኋላ ሐኪም ቢጠይቅ መልሱ «አንድ መርፌ ሰጥተውኝ ነበር» ይሆናል።

እስከዚያው የአዲስ አበባን እናቶች የሚያሰጋው ሌላ ነው። እዚህ የተለመደው የማህፀን በር ካንሰር የሚመጣው ከሆርሞን አይደለም፤ ኤች.ፒ.ቪ. ከሚባል ቫይረስ ነው። ክትባቱ ከ2018 መጨረሻ ጀምሮ ለልጃገረዶች ይሰጣል። በልጆች ካንሰር በኩልም የአብዛኛው መንስኤ አይታወቅም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ሀብታም አገሮች ከ80 በመቶ በላይ ታማሚ ልጆችን ያድናሉ፤ በብዙ ድሃና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ግን ከ30 በመቶ በታች ናቸው የሚድኑት። ልዩነቱ የሚመጣው ቶሎ ከመታወቅና መድኃኒት ከማግኘት ነው። የማይወርድ ትኩሳት፣ ያለምክንያት የሚበልዝ ቆዳ፣ በዓይን ብሌን ላይ የሚታይ ነጭ ነጸብራቅ፣ ሆድ ላይ የሚዳሰስ እብጠት ካለ እናትየው ምን ወሰደች ብሎ ከመጨነቅ በፊት ልጁን ሐኪም ጋ ማድረስ ይቀድማል።

እርጉዝ ሳለች ሆርሞን የወሰደች እናት አሁን ልታደርገው የምትችለው አንድ ነገር አለ። በካርዷ ላይ «ሆርሞን ተሰጥቷል» ተብሎ ከተጻፈ ጥቅም የለውም። የመድኃኒቱ ሙሉ ስም፣ መጠኑ፣ የተጀመረበትና ያበቃበት ሳምንት ይጻፍላት። ከዚያ ካርዱንና የመድኃኒቱን ካርቶን በስልኳ ፎቶ ታንሳ። ስልኩ ቢሰረቅስ? ለራሷ በቴሌግራም ትላከው። ወሬውም የመጣው በዚያው በኩል አይደል።